የዘጠነኛው ወረዳ ሰው ምን በላ?

ሱዛን ኮሊንስ የተባለችው አሜሪካዊት ደራሲ «ዘ ሀንገር ጌምስ» የተሰኘውን ልብ ወለዷን ያሳተመችው እኛ እንቁጣጣሽ ብለን 2001 ዓ.ምን በተቀበልንበት ሰሞን ነው። ታሪኩን ያላነበበ ወጣት ቢያንስ ፊልሙን አይቶታል። ፓኔም የምትባል የወደፊት አገር አለች፤ ካፒቶል የምትባል የጠገበች ዋና ከተማና የተራቡ 12 ወረዳዎች አሏት። በየዓመቱ ከየወረዳው ከ12 እስከ 18 ዓመት ያሉ አንድ ወንድና አንዲት ሴት በዕጣ ይወሰዳሉ። 24ቱ ልጆች አንድ ብቻ እስኪቀር ይገዳደላሉ፤ አገሩ ሁሉ ያንን በቴሌቪዥን የማየት ግዴታ አለበት። የ16 ዓመቷ ካትኒስ ኤቨርዲን ዕጣ በወጣባት ታናሽ እህቷ ፈንታ ትሄዳለች። መጽሐፉ ጥሩ ነው፤ አንዴ የያዘው ሰው እራት ቀርቦለትም አያስቀምጠውም። ነገር ግን ከአሰላ ሆኖ፣ ጭላሎን ከጀርባ የስንዴ ማሳውን ከፊት አድርጎ ለሚያነበው ሰው አንድ ትልቅ ቀዳዳ አለበት። ከርዕሱ ጀምሮ ስለ ርሃብ የተጻፈ መጽሐፍ ሆኖ ሳለ እህሉን የሚያመርተውን ሰው ረስቶታል።

ማስረጃው ዘጠነኛው ወረዳ ነው። በፓኔም እያንዳንዱ ወረዳ የተመደበለት ሥራ አለው፤ አራተኛው ዓሣ ያጠምዳል፣ ሰባተኛው እንጨት ይቆርጣል፣ አሥራ ሁለተኛው የድንጋይ ከሰል ይቆፍራል። የዘጠነኛው ድርሻ እህል ነው። አርሲ ፓኔም ውስጥ ብትወድቅ ኖሮ መቼም ሌላ ቦታ አትመደብም ነበር። ታዲያ የአገሪቱን መሶብ የሚሞላው ወረዳ ተወካይ በመጀመሪያው መጽሐፍ ምን ሠራ? ውድድሩ በተጀመረ በደቂቃ ውስጥ ከካትኒስ ጋር በአንድ የጀርባ ቦርሳ ሲታገል ከኋላው ቢላዋ ተወርውሮበት ሞተ። ስሙ አልተነገረም፣ እናቱ አልተነሳችም፣ ካትኒስ ራሷ ከየትኛው ወረዳ እንደመጣ እርግጠኛ አልነበረችም። ይህ ለእኛ አገር አንባቢ ሁለት ጊዜ አይዋጥም። አንደኛ፣ ስንዴ የሚያበላ ሰው እንዲህ በነፃ አይሸኝም። ሁለተኛ፣ በደጋ የእህል አገር ያደገ ልጅ ለቦርሳ ብሎ ቆሞ አይታገልም፤ ይሮጣል። ኃይሌ ገብረሥላሴን ያፈራ፣ ደራርቱንና ቀነኒሳን ከበቆጂ የላከ አካባቢ የወከለው ልጅ ቢሆን ኖሮ ሌሎቹ ቢላዋ ሲመርጡ እሱ ከካሜራው ዕይታ በወጣ ነበር።

ነቀፋዬ ግን ደራሲዋ ስለ እህል ምንም አታውቅም የሚል አይደለም። እንዲያውም በመጽሐፉ ውስጥ እውነተኛውን ጭካኔ የተሸከመው የካትኒስ ቀስት ሳይሆን ቴሰራ የተባለው ነገር ነው። የተራበ ቤተሰብ ያለው ልጅ ስሙን አንድ ጊዜ ተጨማሪ ዕጣ ውስጥ ቢያስገባ ለአንድ ሰው የሚሆን የዓመት ትንሽ እህልና ዘይት ይሰጠዋል። ካትኒስ ለራሷ፣ ለእናቷና ለእህቷ በየዓመቱ ሦስት ሦስት ታስገባለች። ከ12 ዓመቷ እስከ 16 ይህ አሥራ አምስት ይሆናል፤ በዕድሜዋ የሚገባው አምስት ሲጨመርበት ስሟ ሃያ ጊዜ ይገኛል። ብዙ አፍ የሚመግበው ጓደኛዋ ጌል ደግሞ አርባ ሁለት ደርሷል። ይህ ሂሳብ ካትኒስ ከምትለብሰው የእሳት ቀሚስም ሜዳው ላይ ከሚለቀቀው አውሬም በላይ ያስፈራል፤ ምክንያቱም አስገዳጅ ወታደር አያስፈልገውም። ልጁ በገዛ እግሩ ሄዶ ይፈርማል፣ ዱቄቱን ተሸክሞ ይመለሳል፣ እናቱም ትመርቀዋለች። ክፉ መንግሥት በልብ ወለድ ውስጥ የሚታመነው እንዲህ መዝገብና ስፍር ሲኖረው ነው። ጥያቄዬም ከዚሁ ይነሳል፦ ለካትኒስ የተሰፈረው እህል ከየት አውድማ መጣ?

የመጽሐፉ ወዳጆች እዚህ ላይ መልስ አላቸው። ታሪኩን የምትተርከው ካትኒስ ራሷ ናት፤ ወረዳ ከወረዳ እንዳይገናኝ በተከለከለበት አገር የከሰል ቆፋሪ ልጅ የስንዴ አምራቹን ኑሮ በምን ታውቃለች ይላሉ። ደህና ክርክር ነው፤ የሚያፈርሰው ግን ራሱ መጽሐፉ ነው። ሩ የምትባል የ12 ዓመት ልጅ ከእርሻው ወረዳ ከአሥራ አንደኛው መጥታ ከካትኒስ ጋር ስትወዳጅ፣ በአንዲት አጭር ጭውውት ሁሉንም ትነግራታለች። እዚያ የሚያመርቱትን መብላት ክልክል ነው፤ የቀመሰ ሰው በሕዝብ ፊት ይገረፋል፤ በመከር ወቅት ብቻ ሠራተኛው ረዘም ላለ ሰዓት እንዲቆም ምግቡ ትንሽ ይጨመርለታል። ይህች የመከር ጭማሪ የደራሲዋን ችሎታ የምታሳይ ናት፤ በሬን ከእርሻ በፊት መቀለብ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የጻፋት ትመስላለች። ሩ ስትሞት ወረዳዋ ለካትኒስ ዳቦ ይልካል፤ ከመጽሐፉ ሁሉ እንባ የሚያመጣው ያ ዳቦ ነው። እንግዲህ አንዲት ልጅ በአንድ ምሽት ይህን ሁሉ ካስረዳች፣ የዘጠነኛው ልጅ ሁለት ምሽት ቢኖር ምን ይጎዳ ነበር?

ሌላው ተቃውሞ ስንዴ ልብ አይሰቅልም የሚለው ነው። ታዳጊ አንባቢ ደም፣ ፍቅርና ሩጫ ይፈልጋል፤ ማን ስለ ኩንታል ያነባል? ይህን የሚል ሰው የአርሲን ታሪክ አልሰማም። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን እርዳታ ካዱ የሚባለው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ተቋቋመ፤ ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር ለትንሹ ገበሬ ቀረበ፣ ምርቱም አደገ። ባለ መሬቱ ይህን ሲያይ ስንዴ ትርፍ እንዳለው ገባው፤ ትራክተር አመጣና ጭሰኛውን ከመሬቱ አስነሳው። ገበሬውን ሊያቆም የመጣ ልማት ገበሬውን ነቀለው ማለት ነው፤ ኮሊንስ ይህን ብትፈጥር ኖሮ አርታኢዋ «በጣም ተጋነነ» ይላት ነበር። ቀጥሎ በእኛ አቆጣጠር በ1967 ዓ.ም መሬት ለአራሹ ታወጀና ጭሰኝነት ቀረ። ብዙም ሳይቆይ የደርግ የእህል ኮታ መጣ። የገበሬ ማኅበሩ በተመደበለት ልክ፣ ከገበያ በታች በተቆረጠ ዋጋ፣ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ማስረከብ ነበረበት። እህል በየኬላው ይፈተሻል። ሰብሉ የከዳው ገበሬ ደግሞ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረክባል። ስንዴ አምራቹ ስንዴ ገዝቶ፣ ከስሮ፣ ግዴታውን ተወጣ ተብሎ ይመዘገባል። ከዚህ የበለጠ ጨለማም አስቂኝም ትዕይንት በየትኛው የጨዋታ ሜዳ ይገኛል? ኮታው በ1982 ዓ.ም ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ቀረ፤ ልብ ወለዱ ግን ገና አልተጻፈም።

መጽሐፉ ስለ ቴሌቪዥን እንጂ ስለ እርሻ አይደለም የሚሉም አሉ። እውነት አላቸው፤ ደራሲዋ ሐሳቡ የመጣልኝ ማታ ቻናል ስቀያይር የወጣቶች ውድድርና የኢራቅ ጦርነት ዜና ሲቀላቀሉብኝ ነው ብላለች። ነገር ግን ታሪኩን የመሠረተችው በጥንቱ የሮማ ዘዴ ላይ ነው፤ ሕዝብን በዳቦና በትርኢት መያዝ። ትርኢቱ ከነልብሱ፣ ከነፀጉር ሠሪው፣ ከነቃለ መጠይቁ ተዘርዝሮ ቀርቧል፤ ዳቦው ግን ጠረጴዛ ላይ ተጋግሮ ይገኛል እንጂ መምጫው አይነገርም። ሮማ ራሷ ሕዝቧን የመገበችው ከግብፅና ከሰሜን አፍሪካ በመርከብ በሚጋዝ እህል ነበር፤ ያ እህል ባይደርስ የግላዲያተሩን ትርኢት ማንም ቁጭ ብሎ አያይም። ካፒቶልንም ለመጣል ካትኒስን እንደ ባንዲራ ማዞር ያን ያህል የግድ አልነበረም፤ ዘጠነኛው ወረዳ አንድ መኸር ሳያጭድ ቢያሳልፍ የዋና ከተማው ሰው ሐምራዊ ፀጉሩን ይዞ ዳቦ ቤት በር ላይ ይሰለፍ ነበር።

«ለልጆች የተጻፈ ነው፣ አታክብደው» የሚለውን ክርክር በመጨረሻ ያቆየሁት ቀላል ስለሆነ ነው። የቴሰራን ስሌት እንዲከተል የታመነ የ15 ዓመት አንባቢ ስለ ኮታም ቢነገረው አይጠፋበትም። በአርሲ ያለ የዚያ ዕድሜ ልጅ ኮምባይነር መቼ እንደሚመጣ፣ ስንዴ ዝናብ ሲመታው ዋጋው ስንት እንደሚወርድ፣ ከብቅል ገብሱ የቱ እንደሚመረጥ ከፊዚክስ ቀመሩ በላይ ያውቃል። ለሚወዳደረው ልጇ ስንቅ ላኪ ብትባልም የአርሲ እናት እንደ ካፒቶል ሀብታሞች በፓራሹት ትኩስ ሾርባ አትልክም፤ ከተቆላ ገብስና ከቅቤ የተሠራ ጩኮ ትልካለች፤ እሳት አይፈልግም፣ ቶሎ አይበላሽም፣ ጭሱን አይቶ የሚመጣ ጠላትም የለም።

ስለዚህ ወጣቱ መጽሐፉን ያንብበው፤ ከእያንዳንዱ ምዕራፍ በኋላ ግን «ይህን ማን ዘራው?» ብሎ ይጠይቅ። መጻፍ የሚሞክር ልጅ ካለ ደግሞ ዘጠነኛው ወረዳ ባለቤት አልባ ሆኖ እየጠበቀው ነው። ታሪኩ በዕጣ ሳይሆን በሚዛን ይጀመር፤ መዛኙ አንድ እጁን ሚዛኑ ላይ አድርጎ በሌላው ደረሰኝ ይጻፍ። አሳታሚው የፍቅር ሦስት ማዕዘን የግድ ነው ካለ ይግባ፤ ልጅቷ ግን በሁለቱ ወንዶች መካከል ስታመነታ ሦስት ቅጽ እንዳትፈጅ። ማንን እንደምታገባ ከውቂያ በኋላ፣ ጥር ላይ ትወስን፤ ከዚያ በፊትማ ማን ጊዜ አለው?