ደጋ ላይ ሃይላንድ

ዘንገና ከእንጅባራ ወጣ ብሎ፣ በአዲስ አበባው መንገድ ዳር፣ ደን የከበበው ሐይቅ ነው። ጉድጓዱን የቆፈረው እሳተ ገሞራ ነው፤ ከ160 ሜትር በላይ ይጠልቃል ይባልለታል። ባለፈው እሁድ አንድ ጎረምሳ ውሃውን ጨልጦ ባዶዋን ሃይላንድ ቁጥቋጦ ውስጥ ወረወራት። ጋቢያቸውን የተከናነቡት የደን ጠባቂ አዛውንት አዩት።

«አንተ ልጅ፣ ወደቀችብህ።»

«አልወደቀችብኝም አባባ፣ ጣልኳት።»

«እኔማ ሰው ፊት እንዳትዋረድ ብዬ ነበር።»

«ሃይላንድ ማለት በእንግሊዝኛ ደጋ ማለት ነው። ደጋን ለደጋ መለስኩ፤ ምን አጠፋሁ?»

«አንተም ከአፈር ነህ፤ አሁኑኑ ልመልስህ?» ዱላቸውን ከፍ አደረጉ።

ጎረምሳው አልተረታም። «የናንተ ፈረስስ? መንገዱን ፋንድያ አልብሶት የለ!»

«በፋንድያው ድንች ይበቅላል። በጣልካት ሃይላንድ ምን ሊበቅል ነው፣ ክዳን?»

«ታዲያ በምን ልያዛት? ፌስታል እንደሆነ በ2017 ዓ.ም. በአዋጅ ተከልክሏል፤ ይዞ የተገኘ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል።»

«ለመያዝ ሲሆን ሕግ አዋቂ፣ ለመጣል ሲሆን እንግዳ! የቀርከሃ አገር መጥተህ መያዣ ቸገረኝ ትላለህ? አዊ ቅርጫት ሲሠራ ፌስታል መቼ ተወለደና!»

ጓደኛው ሊያግዘው ገባ። «አባባ፣ ስስ ፌስታል እኮ በ1999ኙም አዋጅ ተከልክሎ ነበር። ማን ሰማ?»

«ፌስታልማ ጆሮ የለው! እናንተ ግን ሁለት ሁለት አላችሁ።»

«እሺ፣ አንዲት ሃይላንድ ይህን ሁሉ ሐይቅ ምን ታደርገዋለች?»

«ዘንገና ወንዝ ቢሆን ጉድህን ለጎረቤት ያሻግርልህ ነበር። ይኼ ግን መግቢያ እንጂ መውጫ የለውም። ዝናብ ሲመጣ ቁልቁለቱ አንከባሎ ያስገባታል፤ ፀሐይ ብትሰባብራትም አታጠፋትም። አንተ ማታ ቤትህ ትገባለህ፣ እሷ እዚህ ነዋሪ ልትሆን ነው። መታወቂያ እናውጣላት?»

ጎረምሳው ሳቁን ዋጥ አድርጎ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ። እሾህ እጁን ቧጭሮት፣ ሃይላንዷን በብብቱ ሸጉጦ ወጣ።

እኔ ዳር ቆሜ እየሳቅሁ በማስታወሻዬ እጽፋለሁ። አዛውንቱ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተስ ጸሐፊው፣ ይኼን ልታወጣው ነው? በል መጀመሪያ እግርህን አንሳ።»

አነሳሁ። የራሴው ሃይላንድ ሰማያዊ ክዳን ጭቃው ውስጥ ተጣብቃ ታየኛለች።