ምስጋና ለመቀስ

ሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማው ከተሰቀለ በኋላ የተማሪዎችን ሥርዓት የሚቆጣጠሩት የትምህርት ቤቱ ዩኒት ሊደር መቀሳቸውን ይዘው በሰልፉ መካከል ሲያልፉ ያላየ ሰው ስለ ሥርዓት ባያወራ ይሻለዋል። በግራ እጃቸው የአንዱን ልጅ ጆሮ ይይዛሉ፤ በቀኛቸው ከግንባሩ ተነሥተው እስከ ማጅራቱ አንድ መንገድ ያወጡበታል። የኮሪደር ልማቱ እንኳ በዚህ ፍጥነት አልሄደም። ግራና ቀኙን አይነኩትም፤ እሱን አስተካክሎ መጨረስ የወላጅ ወጪ ነው። ልጁ የስምንት ዓመት ልጅ ነው። ጥፋቱ ፀጉሩ አራት ጣት ማደጉ ነው። እኩዮቹ ከት ብለው ይስቁበታል፤ እሱ እንባውን ይውጥና ወደ ክፍሉ ይገባል። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ግብረ ገብ ነው።

እኔ ከአመስጋኞቹ ወገን ነኝ። መቀሱ ባይኖር አገሪቱ የት ትደርስ እንደነበር ማሰቡ ራሱ ያስፈራል። የክፉ ነገር ሁሉ መግቢያ ፀጉር መሆኑን የማያውቅ ጎረቤት የለምና። መጀመሪያ ፀጉሩ ይረዝማል፤ ከዚያ ጆሮው ይበሳል፤ ከዚያ ጫት፣ ከጫቱ ሺሻ፣ ከሺሻው ማታ ማታ መጥፋት። ይህን የሚያረጋግጥ ጥናት አምጡ የሚሉ አሉ። ሙሉ ሰፈር ቡና ላይ ተስማምቶበት ያደረ ጉዳይ ምን ጥናት ያስፈልገዋል? ደግሞም ሙሰኛ ሆኖ የታሰረ ጎፈሬያም ባለሥልጣን በቴሌቪዥን አይቼ አላውቅም። ሁሉም ፀጉራቸውን በወጉ የተስተካከሉ፣ ከረባታቸውን ያሰሩ ነበሩ። ይህ ምን እንደሚያሳይ ለጊዜው እንለፈው።

የሚገርመው የዚሁ ፀጉር ዕድሜ ነው። ልጁ አንደኛ ዓመት ልደቱን ሲያከብር ፀጉሩ ጆሮውን ሸፍኖ ትከሻው ላይ ይወርድ ነበር። ፎቶው ተነሥቶ ለዘመድ ሁሉ ተልኳል፤ አክስቶቹ «ወይኔ ሲያምር! እንዳትነኩት!» ብለዋል፤ አያቱ ቅቤ ቀብተውታል። ሁለት ዓመት ሲሞላውም እንደዚያው። ሦስት ዓመት ሲሆነው መንገድ ላይ «ሴት ናት ወንድ?» የሚሉ ይመጣሉ። አራት ዓመት ሞልቶት መዋዕለ ሕፃናት ሲገባ ያው ፀጉር፣ በዚያው ራስ ላይ፣ በዚያው ቅቤ ወዝቶ፣ ዱርዬነት ይሆናል። በሦስትና በአራት ዓመት መካከል ልጁ ምን እንደሠራ አልተገለጸም።

ፀጉሩ በተቆረጠ ማግስት እናቱ ትመጣለች።

«ጋሼ፣ የልጁ ፀጉር ምን አደረገዎት?»

«ደንብ ነው፣ እህቴ።»

«ደንቡ የት ነው የተጻፈው?»

«ሁሉ ደንብ አይጻፍም። ልጅዎ ነገ ምን እንዲሆንልዎት ይፈልጋሉ?»

«ሐኪም።»

«ፀጉራም ሐኪም አይተው ያውቃሉ?»

«እሱን ያዋለደችኝ ሐኪም ፀጉሯ ወገቧ ላይ ነበር።»

«እሷማ ሴት ናት።»

እዚህ ላይ ክርክሩ አለቀ። ዕውቀት ወደ ጭንቅላት እንዳይገባ የሚያግደው የወንድ ፀጉር ብቻ መሆኑ ታወቀ፤ በሴቷ በኩል ምንጊዜም ክፍት ነው።

ዩኒት ሊደሩ ሃይማኖተኛ ሰው ናቸው፤ ይህንንም ልመስክርላቸው። ወር በገባ በአምስተኛው ቀን አቦን ሳይሳለሙ ሥራ አይገቡም። ሥዕሉ ሥር ቆመው፣ አንበሳና ነብር ከግራ ቀኝ ያጀቧቸውን፣ ፀጉራቸው መላ አካላቸውን ያለበሳቸውን አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን «ጠብቁኝ» ብለው ይለምናሉ። ከዚያ ታክሲ ይዘው ትምህርት ቤት ይደርሳሉ፤ መቀሱን ከመሳቢያ ያወጣሉ። ጻድቁ አንድ ቀን አንበሳቸውን አስከትለው በዚያ በር ብቅ ቢሉ ምን እንደሚገጥማቸው ሳስብ ለአንበሳው እሰጋለሁ፤ ጎፈሩን ይዞ አይመለስማ።

ሶምሶንም አለ። ገና ከእናቱ ማኅፀን ጀምሮ ምላጭ እንዳይነካው የታዘዘለት፣ ፀጉሩ በሰባት ጉንጉን የተሠራ፤ ባጭሩ ሹሩባ ያለው ወንድ። በመጽሐፈ መሳፍንት እንደተጻፈው ደሊላ ለዚህ ሥራ ከእያንዳንዱ የፍልስጥኤም መኰንን 1,100 ብር ቃል ተገብቶላታል። የእኛዎቹ በነፃ ነው የሚሠሩት። እንዲህ ያለ የሥራ ፍቅር ከወዴት ይገኛል?

አሁን ወደ ታሪክ ክፍለ ጊዜ እንሂድ። መምህሩ መጽሐፉን ይገልጣሉ፤ ሦስት ሹሩባ የተሠሩ፣ ዓይናቸው የሚያቃጥል ሰው ሥዕል አለ። «ማን ናቸው?» ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ዐፄ ቴዎድሮስ!» ይላል። መሃል አናቱ ላይ መንገድ የወጣበት ልጅም አብሮ ይጮኻል። ዐፄ ዮሐንስም ሹሩባ ነበራቸው። አምስት ዓመት ሙሉ በዱር በገደሉ ጣሊያንን የተናነቁትን አርበኞች በፎቶግራፍ ስናያቸው ጎፈሬያቸው ከጠመንጃቸው ቀድሞ ይታያል። በአያቶቻችን ዘመን ሕፃናት ደግሞ ዙሪያቸው ተላጭቶ አናታቸው ላይ ቁንጮ ይተውላቸው ነበር፤ ሕፃኑ የሞተ እንደሆነ መልአኩ በዚያ ይዞ ወደ ሰማይ ይስበዋል ይባል ነበር። ዛሬ ቁንጮ ያለው ልጅ ወደ ሰማይ ቀርቶ ወደ ሁለተኛ ክፍልም አይገባም።

ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን ሲጠጡ እንግሊዞቹ ዘውዱን፣ ታቦቱን፣ ብራናውን ጫኑ። ከዚህ ሁሉ አልፈው ከሬሳው ራስ ላይ ፀጉር ቆረጡ። ያ ፀጉር በ1959 እ.ኤ.አ. ንጉሡን በሞቱበት ከሣለው ሠዓሊ ቤተሰብ ለንደን ላለው የብሔራዊ ጦር ሙዚየም ተሰጠ። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የባህልና ቱሪዝም ሚኒስትራችን እዚያው ለንደን ድረስ ሄደው ተረከቡት። አገር ተደሰተ፤ እኔም ተደሰትኩ። ከ150 ዓመት በላይ በባዕድ አገር የከረመ የንጉሥ ፀጉር ወደ አገሩ መመለሱ ቀላል ነገር አይደለም።

በዚያው ሰሞን በአዲስ አበባ ስንት ሹሩባ በመቀስ እንደወደቀ የቆጠረ የለም። እንግሊዙ ሲቆርጠው ዘረፋ፣ እኛ ስንቆርጠው ሥነ ሥርዓት። ልዩነቱ ሲታይ ግን እንግሊዞቹ የቆረጡትን ቢያንስ አስቀምጠውታል። የእኛው በመጥረጊያ ታፍሶ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ገንዳ ውስጥ ነው የሚገባው፤ ከመቶ ምናምን ዓመት በኋላ ማንም ሚኒስትር አይረከበውም።

የንጉሡ ልጅ ነገርም አለ። ልዑል ዓለማየሁ በሰባት ዓመቱ ከመቅደላ ተወሰደ፤ በ1879 እ.ኤ.አ. በ18 ዓመቱ ሊድስ ከተማ ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ። ዐፅሙን መልሱልን ብንል ቤተ መንግሥቱ በ2023 እ.ኤ.አ. አይሆንም አለ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ግን የልጁ ሞግዚት የነበረው የእንግሊዙ መኰንን የካፒቴን ስፒዲ ዘመዶች ያቆዩት የልጁ ፀጉር ዘለላ ለንደን ላለው ኤምባሲያችን ተሰጠ። አባት የሌለው፣ እናቱ በመንገድ የሞተችበት ሕፃን ፀጉር ነው፤ ዕንባ የሚያስመጣ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ አልቀልድም። ብቻ የምጠይቀው፣ ዓለማየሁ በተአምር ተነሥቶ፣ ሰባት ዓመቱ እንደሆነ፣ ፀጉሩ እንዳለ ዛሬ መስከረም ላይ ልመዝገብ ቢል የመመዝገቢያ ክፍሏ ጸሐፊ ምን ትለዋለች? «መጀመሪያ ፀጉርህን ተስተካክለህ፣ ሁለት ጉርድ ፎቶ ይዘህ ና።»

ረጅም ፀጉር ከተነሣ ለዘፋኙ ለቦብ ማርሊም ሐውልት አቁመንለታል። በ1997 ዓ.ም. ስድሳኛ ዓመት ልደቱን መስቀል አደባባይ ላይ አክብረንለታል። ረጅም ፀጉር ሰውየው ሞቶ፣ ወይም ነግሦ፣ ወይም ጸድቆ፣ ወይም ከውጭ አገር መጥቶ ሲሆን በጣም ያምርብናል። በሕይወት ያለ፣ የሰፈራችን፣ ሁለተኛ ክፍል የሆነ እንደሆነ ብቻ ነው የማይስማማን።

ንጽሕና ነው የሚሉ አሉ። ቅማል፣ ፎሮፎር፣ ጭርት። እውነት ነው፣ ውኃ በሳምንት አንድ ቀን በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል ክርክር አይደለም፤ የድሮዎቹ ላጪዎች ምክንያት ነበራቸው። ነገር ግን ጭርት ከሰው ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው መንገዶች አንዱ ያልጸዳ፣ በጋራ የሚሠራበት ቶንዶስ ነው። ዩኒት ሊደሩ ባንድ መቀስ አርባ ራስ ሲጨርሱ መሃል ላይ አልኮል ሲነኩ ያየ የለም። ስለዚህ ንጽሕናውን በአንድ ጠዋት ለአርባ ልጅ ያካፍላሉ ማለት ነው።

ደግሞ ንጽሕና ከሆነ ለሁሉም ይሁን። በከተማዋ ውድ ከሚባሉት ትምህርት ቤቶች አንዱ በር ላይ ቆማችሁ ተመልከቱ። የፈረንጁ ልጅ ወርቃማ ፀጉሩ ዓይኑን ሸፍኖት ያልፋል፤ ዘበኛው ፈገግ ብለው «ጉድ ሞርኒንግ» ይሉታል። ከኋላው አባቱ ነጭ፣ እናቱ አበሻ የሆነ ልጅ ሉጫ ፀጉሩን ከኋላ አሥሮ ያልፋል፤ «ሲያምር!» ይባላል። ከእሱ ኋላ ከርዳዳ ፀጉሩ ሁለት ጣት ከፍ ያለ የኛው ልጅ ሲመጣ «አንተ ጨብራራ፣ ና ወዲህ!» ይባላል። ሁለት ጣቱ ትከሻ ላይ ከደረሰው የሚበልጥበት ሒሳብ እስካሁን አልገባኝም። ዐውቃለሁ፣ ፀጉራችን ወደ ላይ ነው የሚያድገው፤ ምናልባት ወደ ላይ የሚያድግ ነገር ሁሉ ስለሚያስደነግጠን ይሆናል።

የአሜሪካዎቹ ወገኖቻችን ጉዳይ ለብቻው ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በ2020 እ.ኤ.አ. በፀጉር አሠራሩ ምክንያት ጥቁር ሰው እንዳይገለል የሚከለክል ሕግ አውጥተዋል። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው እናት የልጇን ሹሩባ የነካ መምህር ቢኖር ጠበቃ ይዛ ትቆማለች። ክረምት ላይ ልጁን ይዛ ወደ አዲስ አበባ ስትመጣ ግን፣ ከቦሌ ወደ አያቱ ቤት ከመሄዷ በፊት መጀመሪያ የምትቆመው ፀጉር ቤት ነው። «እማዬ ታዝንብኛለች» ትላለች። የአሜሪካ ሕግ የእማዬን ፊት አይችልም።

በሕገ መንግሥታችን 106 አንቀጾች ውስጥ ፀጉር የሚል አላገኘሁም። አንቀጽ 36 ግን ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይናገራል። ይህን ለዩኒት ሊደሩ ሊያነሣ የሞከረ አንድ አባት «ቅጣት አይደለም፣ ማስተካከል ነው» ተብሏል። መቼም ማስተካከል ነው ካሉ ግማሹን ለምን ይተዉታል ብሎ አልጠየቀም፤ ልጁ ገና አራት ዓመት ይማርበታል።

ውጤቱስ? የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ ናቸው። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች በአንድ ዓመት ከሺህ በላይ ነበሩ። ቤተ መጻሕፍት የለም፣ ላቦራቶሪው ተቆልፎ ቁልፉ ጠፍቷል፣ አንድ መጽሐፍ ለሦስት ነው፣ የፊዚክስ መምህሩ ደመወዙ ስለማያበላው ከሰዓት በኋላ ራይድ ይነዳል። እነዚህን ማስተካከል በጀት ይጠይቃል፤ በጀት ደብዳቤ ይጠይቃል፤ ደብዳቤ ማኅተም ይጠይቃል። የልጅ ራስ ግን እዚያው ሰልፉ ላይ ቆሟል፤ አይከራከርም፣ ማኅተም አይፈልግም፣ መቀሱ ሲደርስ ያዘነብላል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው። እንዲያውም ዩኒት ሊደሩ አይፈረድባቸውም፤ በዚያ ግቢ ውስጥ እሳቸው ያሉት ነገር ወዲያው ሲሆን የሚታየው በዚህ ብቻ ነው።

መቀሱ ግን ጠላት እየበዛበት መምጣቱን አልክድም። ልጆቻቸውን ሹሩባ አሠርተው በግልጽ ይዘው የሚዞሩ ወጣት አባቶች በየመንደሩ ብቅ እያሉ ነው። ኳስ ተጫዋቹን አይቶ ነው፣ ዘፋኙን አይቶ ነው ይባላል። አንዳንዱ ቴዎድሮስን አይቶ ሊሆን እንደሚችል ማንም አልጠረጠረም። አያቶችም ቀስ በቀስ እየለመዱት ነው፤ ባለፈው አንዲት እናት ታክሲ ውስጥ የማያውቁትን ልጅ ሹሩባ ዳብሰው «ማን ሠራህ የኔ ጌታ? እጇ ይባረክ» ሲሉ ሰምቻለሁ። አገር መበላሸት የሚጀምረው እንዲህ ነው።

ደግነቱ ትምህርት ቤቱ ገና አልተሸነፈም። የካቲት ሲገባ ዩኒት ሊደሩ የፈረሙበት ማስታወቂያ በልጆቹ ደብተር ውስጥ ተጣብቆ ወደየቤቱ ሄደ፦

«ለተከበራችሁ ወላጆች። የካቲት 23 የሚከበረውን የዐድዋ ድል በዓል ምክንያት በማድረግ ወንድ ተማሪዎች የአባቶቻቸውን ገጽታ ይዘው በሰልፍ ስለሚቀርቡ ጋሻ፣ ጦርና ጎፈሬ እንድታዘጋጁላቸው እናሳስባለን። በቂ ፀጉር ለሌላቸው ተማሪዎች ትምህርት ቤቱ ሰው ሠራሽ ጎፈሬ ያስመጣ ሲሆን ክፍያው ከወርሃዊው ጋር ተደምሮ ይከፈላል። ጎፈሬው ከበዓሉ ማግስት ለንብረት ክፍል ተመላሽ ይደረግ።»