ያለ ስኳር ይሁንልኝ

ሻይ ለጤና ጥሩ ነው ሲባል ደስ የማይለው የለም። ሩጫ የለው፣ ከጮማ መራቅ የለው፤ ቁጭ ብሎ ፉት ማለት ብቻ! ከውሽውሽም ይምጣ ከጉማሮ፣ በቅጠሉ ላይ ቅሬታ የለኝም። ቀረፋውና ቅርንፉዱም ምን በወጣቸው። ነገሩ ያለው ከብርጭቆው ግርጌ ነው። የሰፈራችን ሻይ ቤት ስኳሩን አስቀድሞ ይቆልልና ሻዩን ለወጉ ያህል ያፈስበታል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ይመዝናል። ሦስት ማንኪያ ተደርጎበት በቀን ሦስት ብርጭቆ ሲጠጣ 36 ግራም መጣ። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ አዋቂ ሰው በቀን ከ25 ግራም ገደማ ባያልፍ ይመረጣል ይላል፤ ያውም ኬኩም ለስላሳውም ተደምሮ።

ስለዚህ ስኳሩን ተውኩት። የሻዩን ብቻ።

«ጋሼ፣ ስኳር አለብዎት እንዴ?» አለችኝ አስተናጋጇ። እንዳያሳፍረኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የጠየቀችኝ፤ ደጅ ያለው ሊስትሮ ግን ሰምቷል።

«የለብኝም። ለጤናዬ ብዬ ነው።»

«አይዞዎት» አለችኝ።

በእኛ አገር ሳይታመም ስኳር የሚተው ሰው ገና አልተለመደም። በዚያው ሰሞን ለቅሶ ልደርስ ሄጄ ሻይ በትሪ ሲዞር፣ አንዲት አሳቢ ጎረቤት ከድንኳኑ ማዶ «ለእሳቸው ያልገባበት አምጡ!» ብለው ጮኹ። ለቀስተኛው በሙሉ ዞሮ ከሟቹ የተረፈውን ሐዘን ለእኔ አደረገው። መሥሪያ ቤት የባልደረባችን ልደት ሲከበር ደግሞ ኬኩ ከግራዬ ያለውን ሰው አዳርሶ ከቀኜ ወዳለው ተሻገረ። ኬክ ተውኩ ያለው ማን ነው?

ምክሩማ ይጎርፋል። አንዱ አብሽ ንከር፣ ሌላው ጥቁር አዝሙድ በባዶ ሆድ ውሰድ ይለኛል። ስለ ሻዩ ሊነገር የሚገባውን ግን ማንም አይነግረኝም። ከምግብ ጋር ሲጠጣ ታኒኑ ከሽሮውና ከምስሩ የምናገኘውን ብረት ሰውነታችን በቅጡ እንዳይወስድ ያደርጋል፤ ምሳ ከተበላ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ማቆየቱ ይበጃል። እኛ ግን እጃችንን ሳንታጠብ ነው «ሻይ!» የምንለው። ትኩስነቱም አለ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሚፋጅ መጠጥን ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ተብለው ከሚገመቱት ነገሮች ጋር መድቦታል። ይህን ለአክስቴ ነግሬያት ነበር። ምላስ ያልላጠ ሻይ ለእሷ የቀዘቀዘ ነው፤ «ደግማችሁ አፍሉት» ብላ ትመልሰዋለች።

ወሬው እሷም ዘንድ ደረሰ። አንድ ፌስታል የሽፈራው ቅጠል ይዛ መጣች።

«እንደ ሻይ እያፈላህ ጠጣው። ስንቱን አድኗል!»

«አክስቴ፣ እኔ እኮ አልታመምኩም።»

«ሁሉም መጀመሪያ እንደሱ ነው የሚለው፣ ልጄ።»

ጠጣሁት። የደረቀ ሣር ነው የሚመስለው፤ ያውም ያለ ስኳር። ነገሩን በማስረጃ ልዝጋው ብዬ ሌሊቱን እህል ሳልቀምስ አድሬ ጠዋት ደሜን ተመረመርኩ። ከ100 በታች፤ ጤነኛ! ወረቀቱን እያውለበለብኩ በቀጥታ አክስቴ ቤት ሄድኩ። መነጽሯን አድርጋ ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ገልብጣም ጀርባውን አየችው። ከዚያ ጎረቤት እስኪወጣ እልልታዋን አቀለጠችው።

«አላልኩህም? ሽፈራው እኮ ነው!»

ስወጣ ሁለተኛውን ፌስታል አስያዘችኝ።