ስለ ዶሴና ስለ ሚና የወጣ አዋጅ

ስማ፣ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

ሞዐ ቫይረስ ዘእምነገደ አይሲቲ፣ ሥዩመ ሰርቨር፣ የመሥሪያ ቤቱ የሰነድ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር አድሚን፤

በየሰዉ ስም ፈቃድ ስናድል ኖረን ማን የትኛውን ዶሴ እንደሚከፍት ለእኛም ስለጠፋን፤ ጡረታ የወጡት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ዛሬም ከቤታቸው ሆነው የደመወዝ ፎልደሩን መክፈት የሚችሉ ሆነው በመገኘታቸው፤ አሜሪካውያኑ ፌራዮሎና ኩን በ1992 እ.ኤ.አ. የቀመሩት፣ በ2004ም የአገራቸው ብሔራዊ ደረጃ የሆነው ፈቃድን በሚና የመስጠት ዘዴ እኛ ዘንድ ሳይደርስ መቅረቱ ስላሳፈረን፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። ፈቃድ የወንበሩ እንጂ የተቀማጩ አይደለም። አንባቢ ያነባል፤ አዘጋጅ ይጽፋል፤ አጽዳቂ ያጸድቃል። ከግዥ ወደ ፋይናንስ የተዛወረ ሠራተኛ የግዥውን ሚና በዚያው ዕለት ያስረክባል። የክፍያ ሰነድ ያዘጋጀ እጅ ያንኑ ሰነድ አያጸድቅም፤ «ቸኩዬ ነው» ማለት አያድንም።

አንቀጽ 2። ክቡር ሥራ አስኪያጁ «ከእኔ በላይ ማን አድሚን ሊሆን ነው?» ማለታቸውን ሰምተናል። አድሚንነት ማዕረግ አይደለም። ለማንም ቢሆን ለሥራው ከሚበቃው በላይ ፈቃድ አይሰጥም፤ የክቡርነታቸው ሥራ ደግሞ ማንበብና ማጽደቅ ነው፤ ፎልደር መሰረዝ በሥራ ዝርዝራቸው ላይ ፈልገን አጥተናል። ሆኖም ክብራቸው እንዳይነካ ከስማቸው ጎን ትንሽ የዘውድ ምልክት እንዲወጣ ፈቅደናል። ምልክቱ ምንም አይከፍትም።

ክቡርነታቸው ዱባይ ሥልጠና ላይ ሳሉ በዚያው ሰዓት ከቢሯቸው ኮምፒውተር ደብዳቤ ሲያጸድቁ የሶፍትዌሩ መዝጋቢ ይዟቸዋል። ተአምሩን የሠራችው ፓስወርዳቸውን በቃሏ የያዘችው ጸሐፊያቸው ስለሆነች፣ ከእንግዲህ በራሷ ስም፣ ቀን የተቆረጠለት የውክልና ሚና ይሰጣታል። ሥራውንስ ድሮም የምትሠራው እሷ ናት።

አንቀጽ 3። ለአንድ ሰው ተብሎ ሚና መፍጠር ክልክል ነው። «ሒሳብ ሹም ልዩ»፣ «ሒሳብ ሹም ልዩ የመጨረሻ»፣ «ሒሳብ ሹም ልዩ የእውነት የመጨረሻ» የተባሉት ሚናዎች ተሽረዋል።

አንቀጽ 4። ተጨማሪ ሚና የሚሻ ቅጽ ሞልቶ፣ በቅርብ ኃላፊው አስፈርሞ ያቅርብ። በቡና ሰዓት፣ በአበልጅነትና በአገር ልጅነት የሚቀርብ ጥያቄ አይታይም።

አዋጁ ከዛሬ ምሳ ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል፤ ሲስተም ካለ።