ለሁሉም የሚሆን ጫማ

«ስፖርት ልጀምር ነው» ያለ ሰው ምን ስፖርት እንደሚጀምር ገና አልወሰነ ይሆናል፤ ጫማውን ግን ገዝቷል። ደግ አደረገ። እግር ለማሠልጠን ወራት ይፈጃል፣ ጫማ ለመግዛት መርካቶ ግማሽ ቀን ይበቃል። አመራረጡም አያደክም፤ ከቱታው ጋር ከሄደ ልክ ነው።

የሰሞኑ ምርጫ ሶሉ ወፍራም፣ ውስጡ ካርቦን የተነጠፈበት የማራቶን ጫማ ነው። ትዕግስት አሰፋ በ2023 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ 2:11:53 ገብታ የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር ያደረገችው የአዲዳስ ጫማ 500 ዶላር ሲሸጥ፣ የታሰበው ለአንድ ማራቶንና ለጥቂት ማለማመጃ ነበር። የእኛ ሰው የዚያን አምሳያ ተጫምቶ ዓመቱን ሙሉ ማኪያቶ ይጠጣበታል። ደራራ ሁሪሳ በ2021 የቪየናን ማራቶን አሸንፎ፣ ከ40 ሚሊሜትር ማለፍ የሌለበት ሶሉ 50 ሆኖ ስለተገኘ ድሉን ተነጠቀ። ካፌ በር ላይ ማስመሪያ ይዞ የሚቆም ዳኛ ስለሌለ እኛ እንዳሻን ከፍ እንላለን።

ነገሩ የሚደምቀው ግን እሑድ ጠዋት፣ የጤና ቡድን ሜዳ ላይ ነው። አንድ ጋሼ ማሊያቸውን ቦርጫቸው ላይ ወጥረው በዚያው የማራቶን ጫማ ይሰለፋሉ። ጫማው ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ለሚሮጥ የተሠራ ነው፤ ኳስ ደግሞ ድንገት መቆምና ወደ ጎን መታጠፍ ትወዳለች። ጋሼ በቀኝ አታለው በግራ ሊያልፉ ሲሉ ተከላካዩ አልተታለለም፤ የተታለለው ቁርጭምጭሚታቸው ነው። ከፍ ባለና በለሰለሰ ሶል ላይ ቆሞ መታጠፍ ፍራሽ ላይ እንደ መጨፈር ነው። ከወዲያ ደግሞ ለረጠበ ሣር የሚደረገውን የብረት ጥርስ ያለው ታኬታ አስፋልት ላይ ቋ ቋ እያደረገ የሚመጣ ጎረምሳ አለ። ሲሮጥ ያምራል፤ መቆም ሲፈልግ ግን አይቆምም። ስለ ጫማ ምርጫ ከማንም በላይ የሚያውቀው ወጌሻው ነው፤ እሱም ገበያውን የሚዘጋ ምክር አይሰጥም።

«አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አልሮጠም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ሮጧል፣ ሮም፣ 1960። በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ከሦስት ደቂቃ በላይ አሻሽሎ መግባቱን ግን ተከራካሪያችን አይነግረንም፤ ራሱም በባዶ እግሩ ሲሮጥ አላየነውም።

ሻጩ «ቁጥር ስንት?» እንጂ «ለምን ስፖርት?» ብሎ አይጠይቅም። «ለሩጫም፣ ለኳስም፣ ለጂምም፣ ለሠርግም ይሆናል» ይላል። የሠርጉ እንኳ እውነት ነው።