የምን አለሽ ተራ ሥነ ቅሪተ አካል፦ ለመስክ ጉዞ የቀረበ መነሻ ጥናት

አዲስ አበባ ውስጥ የቅሪተ አካል ወዳጆች ማኅበር ቢቋቋም የመጀመሪያው እንቅፋት ሕግ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግም ሆነ መቆፈር ክልክል ነው። ስለዚህ አባላቱ አፋር ቢወርዱ ዓይተውና ፎቶ ተነሥተው ይመለሳሉ። እጁን ለሚበላው አባል የቀረው መስክ መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ ነው። እዚህ ፈቃድ የሚጠይቅ የለም፤ ዋጋ መከራከር ግን ግዴታ ነው።

በመስኩ ደለል የሚያመጣው ወንዝ ሳይሆን ቆራሌው ነው። በየሰፈሩ እየጮኸ የሰበሰበውን ጠርሙስ፣ የተቀደደ ጫማና ድምፁ የጠፋ ራዲዮ አምጥቶ ይዘረግፋል። አዋሽ ለዚህ ሥራ ሚሊዮን ዓመታት ፈጅቶበታል፤ ቆራሌው ለማታ ይደርሳል።

ኒኮላስ ስቴኖ እ.ኤ.አ. በ1669 የታችኛው ንብርብር ከላይኛው በዕድሜ እንደሚቀድም ጽፏል። መርካቶን አላየም። እዚህ የትናንት የቻይና ቻርጀር ከሥር ተቀብሮ የጃንሆይ ዘመን የከሰል ካውያ ከላይ ጉብ ብሎ ይገኛል፤ ጠዋት አንድ ሰው ዋጋውን ጠይቆ ሄዷልና።

ዕድሜ መለካትም ሌላ ጣጣ ነው። አፋር ላይ የእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ያለውን አርገን ይለካሉ። እዚህ የሚለካው የገዢው ጫማ ነው። ጫማው ከተወለወለ ዕቃው «የጣሊያን ጊዜ፣ ኦሪጅናል» ይሆናል፤ አቧራ ከጠጣ ግን «ለአንተ ብዬ ነው፣ ገና አዲስ ነው» ይባላል። የልኬቱ የስሕተት መጠን ከሰማንያ ዓመት በላይ ሲሆን በክርክር ይቀንሳል።

የሽግግር ዝርያ ጉዳይ ከሁሉም ይልቃል። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመው መጽሐፉ መካከለኞቹ ፍጥረታት በዐለት ውስጥ በበቂ አለመገኘታቸው አስጨንቆት ነበር። ምን አለሽ ተራ ላይ ከመካከለኛ በቀር የሚገኝ የለም። ግማሹ በርሜል ግማሹ ምድጃ የሆነ፣ ከጎማነት ወጥቶ በረባሶ ለመሆን አንድ ሚስማር የቀረው፣ ባሌስትራነቱን ገና ያልረሳ ቢላዋ፣ ሁሉም መዶሻ ሥር ናቸው፤ ጆሮ የሚያደነቁረውም ይኸው ዝግመተ ለውጥ ነው።

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1912 የሰው ራስ ቅልና የኦራንጉታን መንጋጋ ገጥመው «ፒልትዳውን ሰው» አሉ፤ በ1953 ማጭበርበሩ ሲጋለጥ ዓለም አፈረ። እዚህ ግን የአንዱን ክዳን ለሌላው ድስት መግጠም ሙያ ነው፤ ባለሙያው የሚያፍረው ክዳኑ ካልገጠመ ብቻ ነው። በኅዳር 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽም 40 በመቶ ያህል አጥንቷ በመገኘቱ ጉድ ተብሏል። 40 በመቶው የተገኘ ላዳ እልፍ ብሎ ሶማሌ ተራ ቢደርስ ማንም ዞር ብሎ አያየውም፤ የጎደለው ከሌሎች ሬሳዎች ተሟልቶ ይነዳል።

እንግዲህ የጥናቱ ግኝት ለማኅበሩ የሚያስደስት አይደለም። አንድ ነገር ቅሪተ አካል ለመሆን ሞቶ መቀበርና ሳይነካ መቆየት አለበት፤ በዚህ ተራ ሳይነካ የሚያድር ነገር አልተገኘም።

አባላት የጂኦሎጂ መዶሻ ይዘው እንዳይገቡ ይመከራል። ናሙና ለመምታት ከፍ ሲያደርጉት ከጀርባ «ወንድሜ፣ በስንት ትለቀዋለህ?» ይባላሉ፣ የመጀመሪያው ዋጋ ደግሞ ሁልጊዜ ዝቅተኛ ነው።