ያረጀ ስፖርት መኪናን በገዛ እጅ ማደስ፦ ለአሳይታ ቆላ የሚሆን መመሪያ

ስፖርት መኪና ማለት ባለቤቱ «ስፖርት ነው» ያለው መኪና ነው። የፈረንጅ መጻሕፍት ነገሩን ያጠብቡታል፤ ከመሬት ዝቅ ያለ፣ ሁለት በር ያለው፣ ጉልበቱ ከክብደቱ አንጻር የበዛ መሆን አለበት ይላሉ፤ ምሳሌ ሲጠሩም እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1985 የተመረተውን ፊያት 124 ስፓይደርን ይጠራሉ። በታችኛው አዋሽ ግን እንዲህ ያለ ንፉግነት የለም። ሁለት በር ያለው ሁሉ ስፖርት ነው፤ አራት በር ኖሮት ሁለቱ የማይከፈቱለትም እዚያው ይመደባል። የ1980ዎቹ ኮሮላ ዲኤክስ ከኋላው የላሜራ ክንፍ ሲበየድለትና የማርሚታው ሆድ ዕቃ ሲወጣ ወዲያውኑ ማዕረጉን ያገኛል። ቮልስ ደግሞ የዘር ሐረግም አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1948 ብቅ ያለው ፖርሽ 356 ብዙ ዕቃውን የተዋሰው ከቮልስ ስለሆነ፣ ባለቤቱ «የፖርሽ አጎት ነው» ቢል ዋሸ አይባልም። በዚህ ስሌት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥታቸው ጭኖ የወጣው ቮልስ በአገሪቱ ታሪክ ከሁሉ የታወቀው ስፖርት መኪና ነው፤ ተሳፋሪው እንዲፈጥንላቸው ባይጠይቁም።

የአሮጌ መኪና ክብር በሕግ የተደገፈ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና ወደ አገር ሲገባ እስከ 500 በመቶ ኤክሳይዝ እንዲከፈልበት አደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ስለዚህ አንዴ የገባ ቆርቆሮ ከእንግዲህ አይሞትም። ሌላ አገር ቢሆን ተጨፍልቆ ብረት ማቅለጫ የሚገባው እዚህ ባረጀ ቁጥር ዋጋው የሚወጣ ቅርስ ሆኗል። ቅርስ ደግሞ ይታደሳል እንጂ አይነዳም።

ለዚህ ሥራ ከአሳይታ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። የአውሳ ሱልጣኔት መቀመጫ የነበረችው፣ በኋላም ወንበሩ ወደ ሰመራ እስኪዛወር ድረስ የአፋር ክልል ዋና ከተማ ሆና ያገለገለችው አሳይታ ከባሕር ወለል ከ400 ሜትር በማይበልጥ ከፍታ ላይ ተኝታለች፤ ሙቀቱ በሚበረታባቸው ወራት ቀትር ላይ ከ40 ዲግሪ ይዘላል። ከጅቡቲው ዋና መንገድ ተገንጥሎ ወደ እርሷ በሚወስደው መንገድ ቅድሚያ የፍየል ነው፣ ቀጥሎ የግመል፣ ከዚያ የባጃጅ። በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር ይበራል የተባለ ሞተር ችሎታውን የሚያሳይበት ሜዳ ይኸው ነው። ግመል የገጨ ሰው ካሳውን ሽማግሌዎች ቆርጠው ሲነግሩት፣ ከግመሏና ከመኪናው የትኛው ውድ እንደሆነ ያኔ ይገባዋል። እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲጀር እ.ኤ.አ. በ1934 አዋሽን ተከትሎ፣ አውሳን አቋርጦ አቤ ሐይቅ የደረሰው በግመል ነው። ከዚያ ወደ ታጁራ ሲወርድ አብዛኞቹ ግመሎቹ መንገድ ላይ አልቀውበታል፤ አንዳቸውም ግን ዕቃ ከዱባይ እስኪመጣ ድረስ አራት ድንጋይ ላይ ተሰቅለው አልከረሙም።

እድሳቱ ሁለት ሰው ይጠይቃል፤ አንድ የሚያድስና አንድ የሚሠራ። የሚያድሰው ባለቤቱ ነው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ጥላው ሲረዝም ወንበር አስወጥቶ ይቀመጣል፤ ጫቱና በረዶ የሆነ ውሃው በቀኙ፣ ስልኩ በግራው። ስልኩ ላይ አንድ አሜሪካዊ ወለሉ እንደ ሳህን በሚያበራ ጋራዥ ውስጥ ጓንት አጥልቆ ሞተር ይፈታል። የሚሠራው ልጁ ነው። ልጁ ካርቶን አንጥፎ ከመኪናው ሥር ይገባል፤ ከውጭ የሚታየው ሁለት እግርና አንድ ነጠላ ጫማ ብቻ ነው። ከሥር «አሥራ ሁለት ቁልፍ» የሚል ድምፅ ይመጣል። ባለቤቱ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ አሥራ ሦስት ያቀብላል። «ጋሼ፣ ይሄ አሥራ ሦስት ነው።» «እስቲ ሞክረው።» ይሞከራል፤ የቡሎኑ ጠርዝ ተላልጦ ክብ ይሆናል፤ ጥፋቱም የቡሎኑ ይሆናል፤ የድሮ ቡሎን ቀረ ተብሎ ይታዘንለታል። ሲመሽ ልጁ እጁን በቤንዚን ይታጠባል። ባለቤቱ ከማርሚታው ጫፍ ትንሽ ጥቀርሻ በአውራ ጣቱ ነካ አድርጎ ጉንጩን ይቀባና ፎቶ ይነሣል፤ ፎቶው «ዛሬም በገዛ እጄ» ከሚል ጽሑፍ ጋር እስከ አዋሽ ሰባት ኪሎ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ በሚደረግ ወግ ሁሉ ልጁ አይነሣም። የሚነሣው አንድ ነገር ሲሰበር ነው፤ ያን ጊዜ በሙሉ ስሙ ይጠራል።

ከሞተር ክፍሎች ሁሉ ከፍተኛ ምርምር የሚደረገው በማቀዝቀዣው ላይ ነው። ራዲያተር ሙቀት የሚያስወጣው አየሩ ከውሃው በቀዘቀዘ መጠን ነው፤ አዲስ አበባ ላይ 20 ዲግሪ አየር የለመደ ራዲያተር አሳይታ ላይ 42 ዲግሪ ሲነፍስበት ሥራው ቢከብደው አይፈረድበትም። ይህን በመረዳት ፋንታ ተጠርጣሪ ይፈለጋል፤ ተጠርጣሪውም ሁልጊዜ ቴርሞስታት ነው። ቴርሞስታት ውሃው ከ80 ዲግሪ ትንሽ ሲያልፍ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን በር የሚከፍት ትንሽ ዕቃ ነው። «ቆላ ላይ አያስፈልግም» ተብሎ ይነቀልና ይጣላል፤ ይህን ማን እንደበየነ የጠየቀ የለም። ጤነኛ ቴርሞስታት ሞተሩ ሲግል ቀድሞውኑ ክፍት ነው፤ መንቀሉ የሚጨምረው ቅዝቃዜ የለም። ይባስ ብሎ በብዙ ሞተሮች ላይ ይኸው ዕቃ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን ሲከፍት አቋራጩን ይዘጋል። ሲነቀል አቋራጩ ክፍት ይቀራል፤ ከውሃውም ገሚሱ ራዲያተሩን ሳይጎበኝ ሞተሩ ውስጥ ሲሽከረከር ይውላል። መኪናው ከበፊቱ የባሰ ይፈላል። ይህ እንደ ውድቀት አይታይም፤ «እንግዲያው ራዲያተሩ ነው» ወደሚለው ቀጣይ ምርምር የሚያሸጋግር ግኝት ነው እንጂ።

የራዲያተር ክዳን ውሃውን በግፊት አፍኖ የሚፈላበትን ልክ ወደ 120 ዲግሪ ገደማ የሚያደርስ ዕቃ ነው፤ በአዳሾች ዘንድ ግን መክደኛ ብቻ ስለሆነ በካላማዳሪ ቁራጭና በፌስታል ይተካል። ዝገት የሚከላከለው ኩላንት ለከተሜ ልጆች የተፈጠረ ቀለም ነው ተብሎ በምትኩ የአዋሽ ውሃ ይሞላል። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ፣ ባሕር የማይደርስ ወንዝ ነው። ያመጣውን ደለል የሚያራግፈው አቤ ሐይቅ ላይ ነው ይባላል፤ ከፊሉ ግን የሚያርፈው ዲኤክስ ራዲያተር ውስጥ ነው። ቮልስ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የለውም። ለዚህ ሙቀት ከሁሉ የሚስማማው እሱ መሆኑ አያከራክርም፤ ቁም ነገረኛ አዳሽ የማይመርጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። የማይፈላ መኪና ምን ይሠራበታል?

ካርቡራተር ሌላው የዕውቀት መስክ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ባለው በአዲስ አበባ ስስ አየር የተስተካከለ ካርቡራተር ወደ ቆላ ሲወርድ አየሩ ይወፍርበታል፤ ቤንዚኑ ያንሰዋል፣ ሞተሩም አብዝቶ ይግላል። ካንዴላው ተፈትቶ ቢታይ ጫፉ ነጣ ብሎ ይህንኑ ይመሰክር ነበር። ግን ካንዴላ ማየት ጀማሪነት ነው፤ ባለሙያ በድምፅ ይለያል። ጆሮውን ወደ ኮፈኑ አስጠግቶ «ፑንቲናው ነው» ይላል፤ ፑንቲናው ይለወጣል፤ ምንም አይለወጥም። ቀትር ላይ ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ተኖ ፓምፑ እንፋሎት መግፋት ሲጀምር መኪናው ቀጥ ይላል። ያኔ ረጥቦ የተጨመቀ ጨርቅ ፓምፑ ላይ ይጠቀለላል፤ መኪናውም ይነሣል። በመመሪያው ውስጥ በትክክል የሚሠራው ብልሃት ይህ አንዱ ነው፤ ያመጣውም ልጁ ነው።

የቦዲ ሥራ ላሜራን በስቱኮ የመተካት ሂደት ነው። የዛገው ቦታ አይቆረጥም፤ ይሸፈናል። በላዩ ስቱኮ፣ በስቱኮው ላይ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ ደግሞ ስቱኮ። ፓርፋንጎው ላይ ማግኔት ቢለጠፍ ተንሸራትቶ ይወድቃል፤ ስለዚህ ማግኔት ይዞ የሚመጣ እንግዳ ሻይ አይጋበዝም። ቀለም የሚቀባው ነፋስ በሌለበት ቀን እንዲሆን ይመከራል። በአሳይታ እንዲህ ያለ ቀን ሲጠበቅ ወራት ያልፉና ባለቤቱ ትዕግሥቱ አልቆ በአንድ ማለዳ ያስቀባዋል፤ ቀለሙ ሳይደርቅ አቧራው ይደርሳል። የሚገኘው ገጽ ሲነኩት የብርጭቆ ወረቀት ይመስላል፤ ስሙ «ማት» ነው፤ አውሮፓም እንዲህ ነው የሚቀባው ይባላል።

ኤሌክትሪኩ ብዙ አያስጽፍም። ፊውዝ ሲቃጠል የሲጋራ ብር ወረቀት ይጠቀለልበታል፤ ቀጥሎ የሚቃጠለው ሽቦው ነው።

ዕቃ የሚመጣው ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ፣ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ነው። ግራ ሲታዘዝ ቀኝ ይመጣል፤ ሁለቱም ሲታዘዙ ሁለት ቀኝ። ከዓመታት በኋላ ሞተሩ ከአንዱ፣ ካምቢዮው ከሌላው፣ ወንበሩ ከሚኒባስ፣ መሪው ስሙ ከማይታወቅ መኪና ይሆናል። በዚህ ሁሉ መካከል ባለቤቱ ስለ «ኦሪጅናልነት» ያለው አቋም ፍንክች አይልም። እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ ፌራሪ 250 ጂቲኦ በጨረታ ከ48 ሚሊዮን ዶላር በላይ መሸጡን፣ ለዋጋውም የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር ከፋብሪካ መዝገብ ጋር መግጠሙ ምን ያህል እንደሚመዝን በቃሉ ያውቃል። በእርሱም መኪና ላይ ቢፈለግ ከፋብሪካው የቀረ ነገር አይጠፋም፤ ሊብሬው ላይ የተጻፈው የሻንሲ ቁጥር አለ። ሻንሲው በብየዳ ምክንያት ቁጥሩ የነበረበትን ቦታ አጥቷል፤ ሊብሬው ግን በፌስታል ተጠቅልሎ፣ አንድም ጭረት ሳይነካው፣ ከሠርግ አልበሙ ጋር ይቀመጣል።

ሙከራ የሚደረገው ማለዳ ነው። ቤንዚን በሃይላንድ ተገዝቶ ይመጣል፤ ሰልባትዮው ገና ስላልተጠገነ ሃይላንዱ ኮፈኑ ሥር ታስሮ በቀጭን ቱቦ ከካርቡራተሩ ጋር ይገናኛል። ልጆች ይገፋሉ። ሞተሩ ሲነሣ የማርሚታው ጩኸት ሆድ ዕቃ በሌለው መጠን ነው፤ ሠፈሩ ይወጣል፣ ፍየሉ ይበተናል፣ ባለቤቱ ክርኑን በመስኮት ያወጣል። አፋሮች ዳጉ የሚሉት የወሬ ልውውጥ አላቸው፤ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው ያዩትንና የሰሙትን በዝርዝር ሳይነጋገሩ አይተላለፉም፤ ወሬውም በእግረኛና በግመለኛ ከመንደር መንደር ያለ ስልክ ይደርሳል። መኪናው ሰመራ ሳይደርስ የመኪናው ወሬ ሰመራ ይደርሳል። መኪናው መንገድ ላይ ቆሞ ኮፈኑ ሲከፈትም፣ የት ድልድይ አጠገብ እንደቆመ፣ ጭሱ ነጭ ይሁን ጥቁር፣ ባለቤቱ በማን ላይ እየጮኸ እንደሆነ ከሻይ ቤቱ ሳይነሡ ማወቅ ይቻላል። ነጭ ጭስ ከሆነ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል። ያም ማለት ሞተሩ እንደገና ይወርዳል፣ ልጁም እንደገና ካርቶን ይፈልጋል።

የመጨረሻው ደረጃ ሽያጭ ነው። ማስታወቂያው የተለመደ ነው፤ «ሞተሩ አዲስ የወረደ፣ ቦዲው ንጹሕ፣ ትንሽ ሥራ የሚቀረው፣ ለሚያውቅ ሰው»። ዋጋው ባለቤቱ ላለፉት ዓመታት ያወጣውን ሁሉ ደምሮ፣ የራሱን የእጅ ዋጋ ጨምሮ፣ የልጁን ቀንሶ የሚገኘው ነው። ገዢ አይጠፋም፤ አዋጁና ክልከላው ባሉበት አገር ቆርቆሮ ገዢ አያጣም። ገዢው ኮፈኑን ከፍቶ ራዲያተሩን በረጅሙ ያየዋል፣ አንገቱን ይነቀንቃል፣ «ቴርሞስታቱ ተነቅሏል?» ብሎ ይጠይቃል። መነቀሉ ሲነገረው ይረካል። ስም ዝውውሩ እስኪያልቅ መኪናው አይሱዙ ላይ ይጫናል፤ የጭነቱ ሒሳብ የገዢው ነው፤ ልጁ በሽያጩ ውስጥ አይካተትም።